ልዩ ልዩ መጫወቻዎችን ስለ ማጋጠም



ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከዙሪያው ገጠር ለመጣነው ለብዙዎቻችን በልጅነታችን መጫወቻ የገዛልን አልነበረም። በሬውን ከጭቃ፣ ሞፈሩን ከበቆሎ አገዳ፣ መኪናውን ከሽቦ፣ ጎማውን ከቆርኪ እንሠራ ነበር። ጭቃና አገዳ በባሕርያቸው አይስማሙም፤ እሾህ ግን አንዱን ከሌላው ያያይዝልን ነበር።

የፋብሪካ መጫወቻዎች እንዲህ ያለ እሾህ ሳይኖራቸው ቆዩ። የዴንማርኩ ሌጎ ጡብ ከ1958 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልኩ ስላልተለወጠ አሮጌው ከአዲሱ ይገጥማል፤ ቲንከርቶይ ከሚባለው የእንጨት መጫወቻ ጋር ግን አይገናኝም። ስለዚህ በ2012 እ.ኤ.አ. ጎላን ሌቪንና ሾን ሲምስ የተባሉ ሰዎች በአሜሪካ የዐሥር ዓይነት መጫወቻዎችን መጋጠሚያ በጥንቃቄ ለክተው 80 ያህል ማያያዣዎች ነደፉ። ፕላስቲክ እየደራረበ ቅርጽ የሚያወጣ ማተሚያ ያለው ሁሉ እንዲሠራቸውም ንድፉን በነፃ ሰጡ።

ከዚህ ምን እንማራለን? ማያያዣ ሊሠራ የሚሻ ሰው አስቀድሞ የሁለቱንም ወገን ልክ ማወቅ ይገባዋል። አንዱን ብቻ የለካ ሰው ድካሙ ከንቱ ነው።

በታችኞቹ ክፍሎች ከየቦታው የተሰጡ ጎደሎ መጫወቻዎች «አይገጥሙም» ተብለው በሣጥን ተዘግቶባቸዋል። ሕፃናቱም ሣጥኑን እያዩ ባዶ እጃቸውን ይቀመጣሉ። እኛ ዘንድሮ ተሰናባቾች ነን። እናንተ ታናናሾቻችን ግን ማስመሪያና ቢላዋ ያዙ፤ ለክታችሁ ከቀርከሃና ከሽቦ ማያያዣውን ሥሩላቸው። ወላጆችም ቁርጥራጭ እንጨት አትንፈጓቸው።