ከጉሮሮ ስለሚነሳው የልብ ሕመምና በቡታጅራ ልጆች ላይ ስለ ተደረገው ጥናት
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከሒሳብ ሪፖርቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ እንድናገር ስለ ተፈቀደልኝ አመሰግናለሁ። እንደምታውቁት እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ዕድሜዬን በመዝገብ ቤት የፈጀሁ ጸሐፊ ነኝ። የማቀርበው ሐኪሞች በእንግሊዝኛ የጻፉትን ነው፤ ሕክምና የተማረ የጎረቤት ልጅ እያነበበ ተርጉሞልኛል፤ ያልገባኝንም ደጋግሜ ጠይቄዋለሁ።

ነገሩ የሚመለከተን ስለ ምንድን ነው? ጥሩምባ ሲነፋ «ማን ነው?» እያልን ከቤት እንወጣለን። የሞተው ሽማግሌ ከሆነ እግዜር ወይም አላህ ዕድሜ ሰጥቶት ነው እንላለን። ነገር ግን የሃያ ዓመት ልጅ፣ ወይም ትናንት የወለደች እናት ስትሆን «ምች መታት»፣ «ዓይን በላት» ተባብለን፣ አፈር አልብሰን እንመለሳለን። ሕመሙ ግን ስም አለው። ሐኪሞች ሩማቲክ የልብ በሽታ ይሉታል። ከእነዚሁ ሐኪሞች አንዱ ቡታጅራ ድረስ መጥተው በተማሪዎቻችን ላይ አጥንተውታል፤ ይህንንም ብዙዎቻችን አናውቅም።

ዶክተር ከበደ ኦሊ ይባላሉ። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ የልብ ሐኪም ሆነው የሠሩ ሰው ናቸው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1992፣ በእኛ 1984 ዓ.ም. ግድም ማለት ነው፣ በአንዲት የገጠር ከተማ ተማሪዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት በውጭ አገር የልብ ሕክምና መጽሔት አሳተሙ። ከተማዪቱም ይህችው ቡታጅራ ናት። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ ናቸው፤ እንዳታምታቱብኝ።)

እንዴት ቡታጅራ ተመረጠች ትሉኝ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ቡታጅራ ሐኪሞች የሚመላለሱባት ቦታ ነበረች። ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በዘጠኝ የገጠርና በአንድ የከተማ ቀበሌ የሚወለደውንና የሚሞተውን ሰው ቤት ለቤት ይመዘግብ ነበር። መዝጋቢዎቹ ደብተር ይዘው ሲዞሩ ያያችሁ ትኖራላችሁ። እኛ እድርተኞች የምንመዘግበው ሞቱን ብቻ ነው፤ እነሱ ግን ልደቱንም ጭምር! በዚሁ ዘመን ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የሚባሉ የነርቭ ሐኪም ከስዊድን ባልደረቦቻቸው ጋር በመስቃንና ማረቆ ከ60 ሺህ በላይ ሰው አስመርምረው፣ የሚጥል በሽታ ያለበት ከሺህ ሰው አምስት ያህል መሆኑን አገኙ። ዶክተር ከበደ የልብ ጥናታቸውን ያሳተሙት ከእነዚሁ ሰዎች ጋር ነው። የነርቭና የልብ ሐኪም አንድ ጽሑፍ ላይ አብረው ሲፈርሙ አይገርምም?

ወደ ሕመሙ ልመለስ። መነሻው ልብ ሳይሆን ጉሮሮ ነው። ልጁ ጉሮሮውን ያመዋል፣ ያተኩሰዋል፣ መዋጥ ያቅተዋል። ብዙው የጉሮሮ ሕመም እንደ ጉንፋን በራሱ ያልፋል። አንዳንዱ ግን ስትሬፕቶኮከስ ከሚባል ተሕዋስ የሚመጣ ነው። እሱም ቢሆን በጥቂት ቀን ይሻለዋል፤ እናትም እፎይ ትላለች። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ተሕዋሱን ሊዋጋ የተነሣው የሰውነት ኃይል የራሱን አካል ጠላት መስሎት ያጠቃል። ዛሬ ጉልበቱን፣ ነገ ቁርጭምጭሚቱን፣ ከነገ ወዲያ ክርኑን እየተዘዋወረ ያሳብጠዋል። እኛም «ቁርጥማት ነው» ብለን በቅቤ እናሸዋለን። መገጣጠሚያው ይድናል። ልብ ግን ላይድን ይችላል።

ልብ አራት በሮች አሏት፤ ሐኪሞች ቫልቭ ይሏቸዋል። ደሙ ወደ ፊት እንዲያልፍ ይከፈታሉ፣ ወደ ኋላ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ይህ ሕመም በተለይ በግራ በኩል ያሉትን በሮች ያቆስላል፤ ቁስሉ ሲጠግ በሩ ይደድራል፣ ይጣበቃል። ማጠፊያው እንደ ዛገ በር ወይ አልከፈት ይላል፣ ወይ አልዘጋ ይላል። ጉሮሮው በታመመ ቁጥርም ቁስሉ ይታደሳል። ልጁ ዓመታት ምንም ሳይመስለው ሊቆይ ይችላል። ኋላ ግን ዳገት ያደክመዋል፣ በጀርባው መተኛት ያቅተዋል፣ እግሩ ያብጣል። በሩ የጠበበባት ሴት ስታረግዝ ደግሞ ደሟ ስለሚበዛ በዚያች ጠባብ በር ማለፍ ያቅተዋል፤ ወደ ሳንባዋ ይመለስና ትንፋሽ ያሳጣታል። «በወሊድ ሞተች» ብለን የቀበርናቸው ሁሉ የሞቱት በወሊድ ብቻ ነው ብዬ አላምንም።

እንግዲህ ዶክተር ከበደ በቡታጅራ ተማሪዎች ዘንድ ያገኙት ከሺህ 4.6 ነው። ግማሽ ልጅ የለምና እንደ ጸሐፊ ላስተካክለው፤ ከአሥር ሺህ ተማሪ 46 ማለት ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን እነዚህ ሐኪም ቤት ሄደው «አመመኝ» ያሉ ሳይሆኑ፣ ተማሪ ቤት ወንበራቸው ላይ የተገኙ ልጆች ናቸው። ስዊድኖቹ በአገራቸው በሽታው እምብዛም የማይገኝ ሆኗል፤ ቤቱ ሲሰፋ፣ በአንድ ክፍል ተጨናንቆ መተኛት ሲቀርና ፔኒሲሊን ሲገኝ ጠፋላቸው።

ሰውየው በዚህ አላቆሙም። በ1999 የአዲስ አበባን ተማሪዎች ከባልደረባቸው ጋር አጥንተው ከሺህ 6.4 አገኙ። በዚያው ዓመት ሌላ ጽሑፍ አወጡ፤ እኔ ከሁሉ አብልጬ የወደድኩት ይኸንን ነው። ምክንያቱም የጠየቁት «ስንት ልጅ ታመመ?» ብለው ብቻ አይደለም፤ ሕመሙ ይታወቃል ወይ፣ መከላከያውስ በሚገባ ይወሰዳል ወይ ብለው ነው። ቆጥሮ ዝም የሚል መዝገብ ምን ያደርጋል? በ2004 ደግሞ በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ፣ በሽታው በአገራችን ይበልጥ የከፋ ይሆን? የሚል ጥያቄ ርእስ አድርገው ጻፉ።

ከእሳቸው በኋላ የመጡት ሐኪሞች ኢኮ የሚባለውን መሣሪያ ይዘው ቆጠሩ። በ2016 የታተመው የዶክተር ደጁማ ያደታና የባልደረቦቻቸው ጥናት በስድስት ቦታ 3,238 ተማሪዎችን አይቶ ከሺህ 19 አገኘ። ይህን ስሰማ ደነገጥኩ፤ በሽታው አራት እጥፍ ሆነ ወይ? ብዬ ጠየቅሁ። ነገሩ እንዲያ አይደለም፤ ኢኮ የልብን በር በመስኮት እንደማየት ስለሆነ፣ ጆሮ በማዳመጫ የማይሰማውንም ያሳያል። በ2017 ደግሞ በጅማ አካባቢ ገጠር የተደረገው ጥናት ተማሪ ቤት ሳይወሰን ከ6 እስከ 25 ዓመት ያሉትን በመኖሪያቸው ፈልጎ ከሺህ 37.5 አገኘ። በእሱ ላይ በ1960ዎቹ አዲስ አበባ ያስተማሩት ብሪታንያዊው ኤልድሪድ ፓሪና ስመ ጥሩው የልብ ቀዶ ሐኪም ግብፃዊው ማግዲ ያዕቆብ ስማቸው ሰፍሯል። እዚህ ላይ በራሴ አእምሮ ያሰብኩትን ልናገር፤ ልቡ የደከመ ልጅ ትምህርት ያቋርጣል፤ ቤት የዋለ ልጅ ደግሞ በተማሪ ቤት ቆጠራ አይገባም። ተማሪ ቤት የሳተውን ኋላ የሚያገኘው የእድር መዝገብ ነው።

ስለ ሕክምናው አጠር ላድርገው። በሩ ፈጽሞ ከተበላሸ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ የሚባሉ የሕፃናት የልብ ሐኪም በ1989 የኢትዮጵያ ሕፃናት ልብ ሕሙማን መርጃ ማዕከልን አቋቋሙ፤ መጀመሪያ ልጆቹ ለቀዶ ጥገና ወደ ውጭ አገር ይላኩ ነበር፤ ከ2009 ጀምሮ ግን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ በተሠራው ማዕከል ልብ ይቀደድ ጀመር። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ቢሆንም ተራ የሚጠብቁት በሺህ ይቆጠራሉ። የብረት ቫልቭ የተገባለትም ሰው ዕድሜውን ሙሉ ደም ማቅጠኛ ሊውጥ፣ ደሙንም እየተመላለሰ ሊያስመረምር ግድ ነው።

መከላከያው ግን ርካሽ ነው። በተሕዋሱ የመጣ የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ይድናል፤ ወይ በአንድ መርፌ፣ ወይ በአሥር ቀን ክኒን። ታዲያ በሦስተኛው ቀን ስለ ተሻለው ክኒኑን ለታናሽ ወንድሙ ማስቀመጥ የለም! እንጥሉ ወረደ ብሎ ማስቆረጥም ተሕዋሱን አይነካውም፤ ትርፉ ደም ማፍሰስ ነው። ሕመሙ አንዴ የያዘው ልጅ ደግሞ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን ይወጋል፤ ሐኪሙ በቃ እስኪል ድረስ፣ ለዓመታት። ፔኒሲሊን የማይስማማው እንደሆነ፣ ወይም ልቡ በጣም የደከመ እንደሆነ ሐኪሙ አይቶ ሌላ ያዝለታል። ስለዚህ መርፌው በሰፈር ወጊ ሳይሆን በጤና ጣቢያ ይሁን። ወልቂጤ በኩል ዘመድ ያላችሁም ይህንኑ ንገሩልኝ፤ ጉሮሮ እንደሁ እዚያም ያው ጉሮሮ ነው።

እንግዲህ ወደ እድራችን ልምጣ። ደንባችን ገንዘብ የሚወጣው ሰው ሲሞት ነው ይላል። ለድንኳን፣ ለንፍሮ፣ ለአስከሬን ማመላለሻ መኪና በአንድ ሰዓት ውስጥ እንከፍላለን። የልቡ በር ለደደረበት ልጅ ግን አዲስ አበባ መድረሻ አንድ ብር ብንሰጥ ደንብ መጣስ ነው። በየወሩ መዋጮ ስንሰበስብ አብረን እንቀመጣለን፤ መርፌውም የሚወጋው በወር ነው። ያን ቀን «የእገሌ ልጅ መርፌዋ ደረሰ» ብሎ የሚያስታውስ ሰው ማስቀመጥ ምን ያህል ያስቸግራል?

ስለሆነም ሦስት ነገር አቀርባለሁ። ከየመንደሩ አንድ አስታዋሽ ይመረጥ። የሐኪም ወረቀት ላለው የአባል ልጅ የመጓጓዣ ገንዘብ በብድር ይፈቀድ፤ መጠኑን ገንዘብ ያዡና ኮሚቴው ይወስኑ። በሞት መዝገባችንም ላይ ከስሙ ቀጥሎ ዕድሜ፣ ታውቆ እንደሆነም የሕመሙ ዓይነት የሚጻፍበት ዓምድ ይጨመር፤ የሚሰመረውን እኔ አሰምራለሁ፣ ማስመሪያዬ እስካሁን አለች። ጽሑፉን ለጸሐፊያችን ሰጥቻለሁ፤ የሒሳብ ሪፖርቱ ከተሰማ በኋላ ድምፅ ይሰጥበት።