ቢጫ ዱቄት ሁሉ ስሚድ አይደለም

(በእሑድ ስብሰባችን ላይ ስለ ፖለንታ ኬክ የቀረበ ንግግር)

ዕረፍት አግኝታችሁ እዚህ ለተገኛችሁም፣ ከቤት መውጣት ተከልክላችሁ ይህን በኋላ በመጽሔታችን ለምታነቡም ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ዛሬ የምግብ ተራው የኔ ነው። ስለ ፖለንታ ተናገሪ ተብያለሁና እሱን እናገራለሁ።

ለምን ፖለንታ? ቤይሩት ውስጥ ብዙ ቤት እየገባ ነው። ማዳም ከሱፐርማርኬት ካርቶን ይዛ ትመጣና «ኬክ ሥሪበት» ብላ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች። ሲከፍቱት ቢጫ ነው፣ ሻካራ ነው፣ በቃ ስሚድ ይመስላል። ግን ስሚድ አይደለም። ልዩነቱን አለማወቅ ኬክ ማበላሸት ብቻ ቢሆን ምንም አልነበረም፤ ሰው የሚታመምበትም አለ። ሰው ሲታመም ደግሞ መጀመሪያ የምትጠየቀው ማን እንደሆነች እናንተው ታውቃላችሁ።

ፖለንታ የጣልያኖች ነው። ስሙ ትልቅ ይመስላል እንጂ የበቆሎ ገንፎ ማለት ነው። ደረቅ በቆሎ እንደ ቅንጬ ሻከር ተደርጎ ይፈጫል፤ ዱቄቱንም ገንፎውንም ፖለንታ ይሉታል። በቆሎ ወደ አውሮፓ የገባው ኮሎምበስ በ1492 ወደ አሜሪካ ከተሻገረ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ጣልያኖች ገንፎአቸውን በሌላ እህል ነበር የሚያገነፉት። የኛም ሰዎች በቆሎን የባሕር ማሽላ ይሉት የለ? ስሙ ራሱ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ መሆኑን ይናገራል።

አሁን በትልልቅ ምግብ ቤቶች ቢቀርብም የድሃ ምግብ ነበር። በ18ኛውና በ19ኛው መቶ ዓመት የሰሜን ጣልያን ገበሬ ከፖለንታ ሌላ ብዙም የሚበላው ስላልነበረው ፔላግራ የሚባል በሽታ ብዙ ሰው ጨርሷል። ቆዳ ይቆስላል፣ ሆድ ይታወካል፣ አእምሮም ይረበሻል። በቆሎ ውስጥ ያለውን ናያሲን የሚባል ቫይታሚን ሰውነት በቀላሉ ስለማያገኘው ነው። ይህን የምነግራችሁ ላስፈራራችሁ አይደለም። ርካሽ ነው፣ ያጠግባል ብላችሁ ጠዋት ማታ እሱን ብቻ እንዳትበሉ ነው። ከእንቁላል፣ ከአይብ፣ ወይም ከባቄላና ከምስር ጋር ብሉት።

አሁን ወደ ካርቶኑ እንምጣ። አራት ነገሮችን ለዩልኝ።

አንደኛ ስሚድ። ስሚድ ስንዴ ነው። ናሙራና ስፉፍ የሚሠራበት ማለት ነው። ቢጫነቱ ጠንካራ ከሆነው የስንዴ ዓይነት የመጣ ነው። ሁለተኛ ፖለንታ። እሱ በቆሎ ነው፤ ቢጫነቱ ደመቅ ይላል፣ ሲያሸቱት የበቆሎ ቂጣ ይሸታል። ሦስተኛ ቶሎ የሚደርሰው ፖለንታ። ቀድሞ የበሰለና የደረቀ ስለሆነ በ5 ደቂቃ ይደርሳል። አራተኛ ናሻ። ይህ ነጭ ነው፣ በጣት ሲጨብጡት ጭርጭር ይላል። ካርቶኑ ላይ «ኮርን ፍላወር» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል፤ እንደዚያ ቢልም ማወፈሪያ ነው እንጂ ለፖለንታ ኬክ አይሆንም። ማንበብ ካልቻላችሁ ጠይቁ፤ ዱራ ካሏችሁ በቆሎ ነው፣ አምህ ካሏችሁ ስንዴ ነው። መለየት ከቻላችሁ በኋላ ካርቶኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት።

ይህን ያህል ያስጨነቀኝ ሴሊያክ የሚባል በሽታ ስላለ ነው። ይህ በሽታ ያለበት ሰው በስንዴ፣ በገብስና በመሳሰሉት እህሎች ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀቱን ይጎዳዋል። «ማዳም ስንዴ አይስማማትም» ሲባል የሀብታም ቅብጠት የሚመስላቸው እህቶች አሉ። አንዳንዱ ሰው እንደዚያ ሊሆን ይችላል፤ ሴሊያክ ላለበት ግን ፍርፋሪውም ይጎዳዋል። በቆሎ ግሉተን ስለሌለው ነው ፖለንታ የሚገዙለት። እና እንዲህ ላለ ሰው ስትሠሩ ዱቄት የነፋችሁበትን ወንፊት አትጠቀሙ። የእንጨት ማማሰያውን ለብቻ አድርጉለት። ሳኒዬውን ቅቤ ቀብታችሁ የስንዴ ዱቄት አትነስንሱበት፤ ፖለንታውን ራሱን ነስንሱበት። ቤኪንግ ፓውደሩ ላይ ያለውንም አስነብቡ። ዛዕተርም ቢሆን በገበያ ያለው አንዳንዱ ስንዴ ተፈጭቶ ይገባበታል።

ከዱቄቱ ሌላ የቋንቋ ወጥመድ አለ። ማዳም «ሎዝ» ስትል የኛን ለውዝ ማለቷ አይደለም። የኛ ለውዝ ኦቾሎኒ ነው፤ የነሱ ሎዝ አልሞንድ ነው። ኦቾሎኒ የማይስማማው ልጅ ያለበት ቤት ይህ ቀልድ አይደለም፤ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ ሆስፒታል የሚያስሮጥ ነው። «አተር» ስትል ደግሞ ክክ ፍለጋ ጓዳ እንዳትገቡ፤ ኬክ ላይ የሚፈሰውን የስኳር ሽሮፕ ማለቷ ነው። ሳቃችሁ አይደል? አዲስ ለመጣች ልጅ ግን ንገሯት፤ እሷን ማንም አይነግራትም።

እሺ፣ ወደ ሙያው እንሂድ። መጀመሪያ ጨው ያለውን ልንገራችሁ።

1 ኩባያ ፖለንታ፣ 4 ኩባያ ውሃ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው። ውሃው ሲፈላ ፖለንታውን በአንድ እጅ እንደ ዝናብ እያንጠባጠባችሁ በሌላው እጅ አማስሉ። በአንዴ ከደፋችሁት ይጓጉላል፣ የገንፎ ነገር ነው ታውቁታላችሁ። ከዚያ እሳቱን ቀንሱ። ሻካራው ወደ 40 ደቂቃ ይፈልጋል። እንደ ሽሮ ቱፍ ቱፍ ይላል፤ ከሽሮ ይልቅ ግን ይጣበቃል፣ እጅ ላይ ካረፈ ያቃጥላል። ረጅም ማማሰያ ያዙ፣ እጅጌያችሁን አውርዱ፣ ልጅ አታስጠጉ።

40 ደቂቃ ቆሞ ለማማሰል ጊዜ ከየት ይመጣል? ልብስ የሚተኮስ አለ፣ ሕፃን ያለቅሳል። ለዚህ ፉርን አለላችሁ። ፖለንታውን፣ ውሃውን፣ ጨውንና 2 የሾርባ ማንኪያ ዘይት በጥልቅ ሳኒዬ ቀላቅሉና ሳትከድኑ በ180 ዲግሪ አስገቡት። ከ40 ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ አማስሉ፣ 10 ደቂቃ መልሱት። እጃችሁ ያርፋል፣ ፖለንታውም ይበስላል። ፉርኑ የጋዝ ከሆነ በሩን ክፈቱ፣ ክብሪቱን ጫሩ፣ ከዚያ በኋላ ጋዙን ክፈቱ። ጋዝ ከሸተታችሁ ምንም አትለኩሱ፣ መብራትም አታብሩ፤ መስኮት ከፍታችሁ ጋዙን ዝጉ።

ሲበስል የተፈቀፈቀ ሃሉሚ አይብና የተከተፈ ለጋ ሽንኩርት ጨምሩበት። ሃሉሚ ራሱ ጨዋማ ስለሆነ የመጀመሪያውን ጨው በግማሽ ቀንሱ። ዘይት በተቀባ ሳኒዬ ላይ ሁለት ጣት ያህል ወፍራም አድርጋችሁ ዘርጉት። ሲበርድ ፍሪጅ አስገቡት፣ ሁለት ሰዓት ይቆይ። ከዚያ በብርጭቆ አፍ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ ላዩን በፎጣ አድርቁ፣ በትንሽ ዘይት ጥበሱት። ምስጢሩ አለመቸኮል ነው። ከታች ቅርፊት ሳይሠራ ካገላበጣችሁት መጥበሻው ላይ ተጣብቆ ይቀራል። በእያንዳንዱ ወገን 5 ደቂቃ ያህል ተዉት፣ ራሱ ይለቃል። ጾም ለያዛችሁ አይቡን ትታችሁ በወይራ ዘይት የተቁላላ ሽንኩርትና ስፒናች ጨምሩበት። ትንሽ በርበሬ ጣል ብታደርጉ ደግሞ የኛ ይሆናል።

አሁን ጣፋጩ። 180 ግራም የለሰለሰ ቅቤ፣ 180 ግራም ስኳር፣ 3 እንቁላል፣ 180 ግራም የተፈጨ አልሞንድ፣ 120 ግራም ደቀቅ ያለ ፖለንታ፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ የ2 ብርቱካን ልጣጭ ተፈቅፍቆ። ሚዛን ከሌለ ስኳሩ 1 ኩባያ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው ነው፤ አልሞንዱ 2 ኩባያ ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው፤ ፖለንታው ሦስት አራተኛ ኩባያ።

ቅቤና ስኳሩን ነጣ እስኪል ምቱት። ግሉተን የሚባለው ነገር ሊጡን እንደ ላስቲክ የሚይዘው ነው፤ እዚህ እሱ የለም። ስለዚህ ኬኩን የሚያነሣው እናንተ በመምታት ያስገባችሁት አየር፣ እንቁላሉና ቤኪንግ ፓውደሩ ነው። እንቁላሉን አንድ በአንድ ጨምሩ፣ ከዚያ ደረቁን ሁሉ። ታቹ ወረቀት በተነጠፈበት 22 ሴንቲ ሜትር ክብ ሳኒዬ በ175 ዲግሪ ከ40 እስከ 45 ደቂቃ ይጋገር። ጫፉ ከሳኒዬው ሲላቀቅ ደርሷል። እንደ ስፖንጅ ኬክ ከፍ አይልም፣ መሐሉም ትንሽ ዝቅ ሊል ይችላል፤ ተፈጥሮው ነው፣ አትደንግጡ። ትኩሱን ለመገልበጥ ከሞከራችሁ ግን ይፈረካከሳል። እዚያው ሳኒዬው ውስጥ ይብረድ።

አተሩን፣ የሚበላውን አይደለም የሚፈሰውን፣ ከብርቱካኖቹ ጭማቂና ከ4 የሾርባ ማንኪያ ስኳር አፍልታችሁ ሥሩ። ኬኩ ገና ሞቅ እንዳለ በስንጥር ወጋ ወጋ አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ አፍስሱበት። ማዘሃር ካለ አንድ ማንኪያ ጨምሩ። ሲያድር ይበልጥ ይጥማል። እንግዳ ሊመጣ ሲል ከዋዜማው ሠርቶ ማሳደር ይቻላል ማለት ነው፤ ለኛ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ለጾመኞች ደግሞ የሊባኖሶቹን ስፉፍ በፖለንታ አሻሽሎ መሥራት ይቻላል። ስፉፍ እንቁላል የለውም፣ ወተቱን በውሃ መለወጥ ነው። ደቀቅ ያለ ስሚድ፣ ደቀቅ ያለ ፖለንታና የስንዴ ዱቄት አንድ አንድ ኩባያ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ እርድ፣ 1 ተኩል የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር። 1 ኩባያ ከሩብ ስኳር በ1 ተኩል ኩባያ ውሃ አሟሙታችሁ ከሦስት አራተኛ ኩባያ ዘይት ጋር ቀላቅሉ። ሳኒዬውን ጠሂና ቀቡት፤ በ180 ዲግሪ 35 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ይህ ስንዴ ስላለው ሴሊያክ ላለበት አይሰጥም።

በመጨረሻ ስለ ገንዘብ። ለታመመች እህት ወይም ለትኬት መዋጮ ስንሰበስብ በእሑድ ስብሰባ ኬክ እንሸጣለን። ብዙ ጊዜ በግምት ነው ዋጋ የምንተምነው። ወጪያችሁን ጻፉ፦ ቅቤው፣ እንቁላሉ፣ ጋዙ፣ ወረቀቱ፣ የሰርቪሱም ሳይቀር። ለምሳሌ አንድ ሳኒዬ 6 ዶላር ከፈጀና 24 ቁራጭ ከወጣው አንዱ ቁራጭ 25 ሳንቲም ወጥቶበታል። በ25 ከሸጣችሁ ለሳጥኑ ምንም አልገባም፤ በ50 ከሸጣችሁ 6 ዶላር ገባ። ግን መንገድ ላይ ቆማችሁ አትሽጡ። በከፋላ ፈቃዳችን በአንድ አሠሪ ስም ስለሆነ ጣጣ ያመጣል። እርስ በርሳችን ይበቃናል።

አንድ ነገር ጨምሬ ልጨርስ። አገር ቤት ጥሩ ወጥ የምትሠራ ሴት ባለሙያ ትባላለች። እዚህ ስንመጣ ግን ያ ሙያ ከመጥረጊያው ጋር አንድ ላይ ይቆጠራል። የሊባኖስ የሠራተኛ ሕግ፣ የ1946ቱ ማለቴ ነው፣ በ7ኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ውጭ አድርጓታል። የሚከራከርልን ሕግ ካላገኘን ቢያንስ የምናውቀውን ራሳችን ስሙን እንጥራው። ደብተር ያዙ። የምትችሉትን ምግብ በስሙ ጻፉ፣ ስትሠሩ ፎቶ አንሱ። ውል ሲታደስ ወይም አዲስ ቤት ስትጠየቁ «ጽዳት እችላለሁ» ብላችሁ አታብቁ። «የነሱንም የጣልያንንም ኬክ እሠራለሁ፣ ግሉተን ለማይስማማው ሰው ለይቼ ማብሰል እችላለሁ» በሉ። ደሞዝ የሚጨመረው በዚህ ነው፤ ባይጨመር እንኳ የጠየቃችሁት በምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

በሚቀጥለው ወር ተራው የእናንተ ነው፤ የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ። ጥያቄ ያላችሁ አሁን ጠይቁኝ፣ ደብተሬንም መገልበጥ ትችላላችሁ። ፈጣሪ ሁላችንንም በጤና ለአገራችን ያብቃን።