የቆመ መኪና ገዝቶ ማደስ ለማኅበር ያዋጣል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣
የተከበራችሁ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ሊቃነ መናብርትና አባላት፣
ውድ አርሶ አደሮች፣



በእንዲህ ያለው ቀን የተገኘውን ፍሬ መቁጠር የተለመደ ነው። የዚህ ንግግር ርዕስ ግን በየማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሊነሳ የሚችል አንድ ጥያቄ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ጓሮ ለዓመታት የቆሙ፣ ከሥራቸው ሳር የበቀለባቸው አሮጌ መኪናዎች አሉ። የጨረታ ማስታወቂያ በወጣ ቁጥር «ይህንን ላንድሮቨር ማኅበሩ ገዝቶ ለምን አያድሰውም?» የሚል ሐሳብ ይቀርባል።

ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። በጓሳ ዙሪያ ባሉ ቀበሌዎች ማዳበሪያና ምርጥ ዘር በወቅቱ ካልደረሰ የበልግም ሆነ የመኸር ገብስ ይጎዳል። የታመመ ሰው በቃሬዛ ይወርዳል። በግና የበግ ፀጉር ወደ መሐል ሜዳ ገበያ የሚደርሰው በጀርባና በአጋሰስ ነው። ይሁን እንጂ ለመኪናው የሚወጣው ገንዘብ የአንድ ሰው ኪስ ሳይሆን የአባላት ዕጣና ቁጠባ ነው። ስለሆነም ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ ላለመሆን አስቀድሞ መመርመር ያስፈልጋል።

አሮጌ መኪና ርካሽ ነው የሚለው አስተሳሰብም መስተካከል አለበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከውጭ በሚገቡ ያገለገሉ መኪናዎች ላይ ከአዲሶቹ እጅግ የከበደ ታክስ ጥሏል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። በዚህም ምክንያት አገር ውስጥ ያለው ያረጀ ተሽከርካሪ ሁሉ ይፈለጋል፤ የቆመ መኪናም የሚሸጠው በብረቱ ዋጋ ብቻ አይደለም።

1ኛ. ሥራው ምንድን ነው?

አርሶ አደር በሬ ከመግዛቱ በፊት የሚታረሰውን መሬት ያውቃል። ማኅበሩም መኪናውን ከማየቱ በፊት የሚጫነውን መቁጠር አለበት። ረጅሙ የላንድሮቨር ዓይነት በተሻለ ይዞታ ላይ ሆኖ የሚጭነው 10 ኩንታል ገደማ ነው። ስለዚህ 200 ኩንታል ማዳበሪያ ለማጓጓዝ 20 ጊዜ መመላለስ ይኖርበታል። አንድ አነስተኛ አይሱዙ ግን በአንድ ጉዞ የዚህን ከሦስት እስከ አራት እጥፍ ይይዛል። በመሆኑም ዋናው ሥራ እህልና ማዳበሪያ ማጓጓዝ ከሆነ፣ ላንድሮቨር ምንም ያህል በደንብ ቢታደስ የማኅበሩን ችግር አይፈታም። የእንስሳት መድኃኒት፣ የበግ ፀጉር፣ ወላድና ሕመምተኛ የጭነት መኪና በማይገባበት መንገድ ማመላለስ ከሆነ ግን ቦታው እዚያ ነው።

2ኛ. አጥንቱ ጤነኛ ነው?

በብዙ ሰው ዘንድ መኪና የሚመረመረው በቀለሙና በበሩ ነው። በላንድሮቨር ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መኪናው እ.ኤ.አ. በ1948 በእንግሊዝ አገር መሠራት ሲጀምር ብረት እጥረት ስለነበር አካሉ በአብዛኛው ከአልሙኒየም ተሠርቷል። አልሙኒየም እንደ ብረት አይዝግም። ከሥር አካሉን የሚሸከመው ሻንሲ ግን ብረት ስለሆነ ይዝጋል። ስለዚህ ላዩ ያማረ መኪና ከሥሩ የበሰበሰ ሊሆን ይችላል፤ ላዩ የተቧጨረና የተጣመመውም ከሥሩ ደህና ሊሆን ይችላል።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናው በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ ድጋፍ ላይ ይቀመጣል። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። ከዚያም ሻንሲው ከዳር እስከ ዳር፣ በተለይም ባሌስትራው በሚታሰርበት አካባቢ፣ በመዶሻ ቀስ እያለ ይመታል። ጤነኛ ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የበሰበሰው ይደነቁራል። በካቻቢቴ ሲወጋ የሚበሳ ከሆነ ምርመራው እዚያው ላይ ማብቃት አለበት። ከሞተሩ ፊት ለፊትና ከሾፌሩ እግር አጠገብ ያለው ግድግዳም ብረት ስለሆነ በዚሁ መልክ ይታያል።

3ኛ. ሞተሩ ይዞራል?

የቆመ ሞተር በባትሪ ከመነሳቱ በፊት በእጅ መዞር አለበት። በእጅ እንቢ ካለ ውስጡ ዝጎ ሊሆን ይችላል፤ በግድ ማስነሳት የቀረውን መስበር ነው። የዘይቱ መለኪያ ተስቦ ይታይ። ዘይቱ ወተት የመሰለ ከሆነ ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ይህም የቴስታታው ጓርኒሲዮን መበላሸቱን ወይም ቴስታታው መሰንጠቁን ሊያመለክት ይችላል።

ሞተሩ ከተነሳ ጭሱ ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የማይቆም ነጭ ጭስ ብዙውን ጊዜ ውሃ መግባቱን፣ ጥቁር ጭስ ደግሞ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ጎማ ጥርሱ ቢኖርም በፀሐይና በዕድሜ ተሰነጣጥቆ ከሆነ አይታመንም። የፍሬን ላስቲኮችም በቆመ መኪና ላይ ስለሚደርቁ ሙሉ በሙሉ እንደሚለወጡ ተቆጥሮ በወጪው ውስጥ መግባት አለባቸው። የጣርማ በርን ቁልቁለት የሚያውቅ ሰው ፍሬን ላይ ቁጠባ እንደሌለ ማስረዳት አያስፈልገውም።

4ኛ. ደጋውን ይችለዋል?

ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው አገር ነው። አየሩ የሳሳ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ስለዚህ ሲሠራ 62 የፈረስ ጉልበት የነበረው የድሮ የላንድሮቨር ናፍጣ ሞተር፣ ምንም ጉድለት ባይኖርበት እንኳ፣ እዚህ ወደ 43 ይወርዳል። ያረጀ ሞተር ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነው። ስለሆነም ቆላ ላይ በሚገባ የሄደ መኪና እዚህ ዳገት ላይ ሊለግም ይችላል፤ ሙከራው መደረግ ያለበት ተጭኖ በአገሩ ዳገት ላይ ነው።

ሌላው ውሃ ነው። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ በጓሳ ከፍታ በ89 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ይህንን የሚከላከለው የራዲያተሩ ክዳን በግፊት መዝጋቱ ነውና፣ በጨርቅ የተወተፈ ራዲያተር እዚህ አገር አያዛልቅም። በውርጭ ሌሊት ደግሞ በተቃራኒው ውሃው ረግቶ ሞተሩን ሊሰነጥቅ ይችላል። የቆመ መኪና ሲገዛ ስንት ውርጭ ውሃው ሳይፈስ እንዳሳለፈ መጠየቅ ይገባል።

5ኛ. ወረቀቱ የተሟላ ነው?

ሊብሬው መኖሩ ብቻ በቂ አይደለም። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር በመኪናው ላይ ከተመታው ጋር አንድ በአንድ መመሳከር አለበት። ለፕሮጀክት ሥራ ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ከሆነ፣ መብቱ ለሌለው ወገን ሲዛወር ቀረጥ ሊጠየቅበት ስለሚችል ማን እንደሚከፍል ከጨረታው በፊት በጽሑፍ ይረጋገጥ። ያልተከፈለ ዓመታዊ ግዴታ መኖር አለመኖሩም ይጣራ። ዓመታዊ ምርመራውን አልፎ ቦሎ ያላገኘ፣ የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው መኪና ሰው አሳፍሮ መንገድ መውጣት አይችልም።

6ኛ. ሂሳቡ ምን ይላል?

ለማሳያ ያህል ብቻ፣ መኪናው ተገዝቶ፣ ታድሶና ወረቀቱ ተሟልቶ 600,000 ብር ፈጀ እንበል። በኪራይ 6,000 ብር የሚያስወጣው ጉዞ በራስ መኪና በነዳጅ፣ በዘይት፣ በጎማና በሾፌር 3,000 ብር ቢያስወጣ፣ በአንድ ጉዞ የሚተርፈው 3,000 ብር ነው። 600,000 ለ3,000 ሲካፈል 200 ጉዞ ይሆናል። ማኅበሩ በዓመት 40 ጉዞ ብቻ ካለው ገንዘቡ የሚመለሰው በ5 ዓመት ነው። ለዚያውም መኪናው በመካከል ካልቆመ ነው። እያንዳንዱ ማኅበር የራሱን ቁጥር አስገብቶ ይህንኑ ስሌት በአንድ ገጽ ላይ መሥራት ይችላል።

መለዋወጫም መታሰብ አለበት። ከመንዝ ተነስቶ በመለዋወጫ ንግዱ ስሙ ወደ ገነነው የመርካቶው ሶማሌ ተራ ለአንዲት ኩሽኔታ መመላለስ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በመካኒኩ ግምት ላይም ቢያንስ አንድ ሦስተኛ ሊጨመርበት ይገባል፤ የተደበቀ ብልሽት የሚታየው ሲፈታ ነውና።

ከሁሉ የሚበልጠው አደጋ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት ነው። «እስካሁን ያወጣነው እንዳይባክን ትንሽ እንጨምር» የሚለው አነጋገር ማኅበርን ወደ ዕዳ የሚያስገባው ቀስ በቀስ ነው። ስለዚህ የወጪው ጣሪያ ከግዢው በፊት በጠቅላላ ጉባኤ ይወሰን፣ በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ፣ ቁጥጥር ኮሚቴውም ይከታተለው። ጣሪያው ከተነካ መኪናው ባለበት ይሸጣል።

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ አባላት፣

አንዳንድ ጊዜ ጥያቄው የሂሳብ ሳይሆን የፍቅር ይሆናል። በአዲስ አበባ የድሮ ቮልሱን በፍቅር የሚጠግን ሰው ትርፍ አይቆጥርም፤ ገንዘቡ የራሱ ነውና አይነቀፍም። በገጠርም መጀመሪያ ወደ ቀዬው የገባችውን መኪና የሚያስታውሱ አባቶች አሉ። እንዲህ ያለውን ቅርስ ማቆየት መልካም ነው። ነገር ግን ለቅርስ ከሆነ ለቅርስ ነው ተብሎ በግልጽ ተነግሮ፣ በበጎ ፈቃድ መዋጮ ይሠራ እንጂ «ለማዳበሪያ ማጓጓዣ» በሚል ስም የአባላትን መጠባበቂያ መንካት አይገባም።

በማጠቃለያም፣ ሻንሲው ጤነኛ፣ ወረቀቱ ንጹሕ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራው ሥራ የታወቀ፣ በቅርብ የሚጠግነው መካኒክ ያለ ከሆነና ሂሳቡ ከኪራይ የሚሻል ከሆነ፣ የቆመ መኪና ገዝቶ ማደስ ብልህነት ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ግን ማኅበራት ተቀናጅተው በዩኒየኑ በኩል የጭነት መኪና በወቅቱ መከራየታቸው ይሻላል።

የዚህ አገር ሰው ይህንን ትምህርት ከሌላ አይሻም። የጓሳን ሳር በቄሮ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቆ ያቆየው፣ ሳሩ ሳይደርስ ማንም ማጭድ እንዳያነሳ ተስማምቶ ነው። ያ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢቋረጥም፣ ሳሩ የሁሉም ነውና በሁሉም ስምምነት ይታጨድ የሚለው ልማድ ከሕዝቡ ልብ አልጠፋም። የማኅበር ገንዘብም እንዲሁ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል፤ የመከረ ግን በጊዜው ያጭዳል።