የትምህርት ቅጥርን ስለ ማደስ



ቤት ለባለቤቱ ይታነጻል፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ፕላኑም ሊለወጥ ግድ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1961 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ በሰጡ ጊዜ፥ ግንቡ አልፈረሰም፤ አገልግሎቱ ግን ተለወጠ። የንጉሠ ነገሥቱ መኝታ ቤት እንኳ ዛሬ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መዘክር ክፍል ነው።

በአርሲም ቀድሞ በአዳማ ዩኒቨርሲቲ ሥር የነበሩት የአሰላ ቅጥሮች በዚያው አቈጣጠር በ2014 ዓ.ም. የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። እንዲህ ያለውን ቅጥር የሚያድስ መሐንዲስ ከንድፉ አስቀድሞ የክረምቱን ጎርፍ መውረጃና የተማሪውን መመላለሻ ይመርምር። የሲሬ ገበሬ ልጁን የሚያስተምረው እህሉን ሸጦ ነው። ሊጠገን የሚችለውን አፍርሶ በሩን ብቻ ማሳመር የዚህን አባት ድካም ማባከን ይሆናል።