እናት እጅ የገባው መለኪያ



ስለ ሕክምና መሣሪያ ሲነሣ የመሐንዲስ ሐሳብ ወዲያው በኤሌክትሪክ ወደሚሠራው፣ ረቂቅ ወደ ሆነው ይሮጣል። በራብና በጦርነት ጊዜ ግን ከፍ ያለ አገልግሎት ከሰጡት መሣሪያዎች አንዱ ባትሪም ሆነ መለዋወጫ የማይሻ ቀጭን ጥብጣብ ነው፤ ይኸውም የሕፃን ክንድ ላይ ተጠምጥሞ የምግብ እጥረትን በቀለም የሚያሳየው የክንድ ዙሪያ መለኪያ ነው።

ከ1 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ የጤነኛ ልጅ የላይኛው ክንድ ዙሪያ የሚጨምረው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ የልደቱ ቀን ባይታወቅም አንድ ወሰን ለሁሉም ያገለግላል። እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1970 በቆየው የናይጄሪያ የርስ በርስ ጦርነት የረድኤት ሠራተኞች የክንድን ዙሪያ ከቁመት ጋር የሚያነጻጽሩበት በትር ነበራቸው፤ በ1974 ደግሞ ሻኪርና ሞርሊ ባለ ቀለሙን ጥብጣብ በጽሑፍ አስተዋወቁ። ዛሬ ከ6 እስከ 59 ወር ላለ ሕፃን ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ፣ ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው።

እንግዲህ ፊደል ያልቆጠረች እናት እንኳ ልታነበው የምትችለው መሣሪያ ለብዙ ዓመታት ከሠራተኛው ቦርሳ ያልወጣው ስለ ምን ነው? መመሪያው የግራ ክንድ ይለካ፣ በትከሻና በክርን መካከል ያለው እኩሌታ በክር ተፈልጎ ምልክት ይደረግበት ይል ነበር። ይህ ለእናት ይከብዳል ተባለ። በኒጀር ተካሂዶ በ2015 የታተመ ጥናት ግን እናቶች የፈለጉትን ክንድ ይዘው፣ እኩሌታውን በዐይን ገምተው ቢለኩም ውጤቱ ይህን ያህል እንደማይዛነፍ አሳየ። ችግሩ የነበረው እናቲቱ ላይ ሳይሆን መመሪያው ላይ ነበር። በ2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሠራተኛው ሕፃናቱን እንዳይነካ ባስገደደ ጊዜ ጥብጣቡ በብዙ አገሮች ለቤተሰብ ታደለ። ሠራተኛው ተመልሶ እስኪመጣ ሳምንታት ያልፋሉ፤ ለተራበ ሕፃን ሳምንት ረጅም ጊዜ ነው።

ሆኖም ቀላል መሣሪያ ጥንቃቄ አይሻም ማለት አይደለም። ጥብጣቡ በፎቶ ኮፒ ቢባዛ ልኩ ሊጠብ ወይም ሊሰፋ ይችላል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ደግሞ ቀዩን ልጅ ቢጫ ያደርገዋል። ከልክ በላይ ቢሳብም ስሕተት ይሆናል። የሁለቱ እግሮች እብጠት ግን ጨርሶ አይታይበትም፤ ስለዚህ እናት እግሩን በአውራ ጣቷ ተጭና፣ ጣቷን ስታነሣ ጉድጓድ መቅረት አለመቅረቱን እንድታይ አብሮ ሊነገራት ይገባል።

ቀይ ያየች እናት ወዴት እንደምትሄድም የንድፉ አካል ነው። ልጇን አዝላ የደረሰችበት ጤና ኬላ አልሚ ምግቡ አልቆበት ከመለሳት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ጥብጣቡን ከተሰቀለበት የምታወርድበት ምክንያት አይኖራትም።