ስለ «ቱንግ ፓኦ» መጽሔትና ስለ ተቺዎቹ



የቻይናን ቋንቋ፣ ታሪክና ሃይማኖት በሚመረምሩ የአውሮፓ ሊቃውንት ዘንድ «ቱንግ ፓኦ» የተባለው መጽሔት በተነሣ ቍጥር፣ ብዙዎች አስቀድመው የሚያስታውሱት በፊተኞቹ ገጾች የታተሙትን ታላላቅ ጥናቶች ነው። እኔ ግን ዛሬ ልናገር የወደድሁት በየቅጹ መጨረሻ ስለሚገኘው የመጻሕፍት ትችት ነው፤ የመጽሔቱ ነፍስ ያለችው በዚያ ይመስለኛልና።

መጽሔቱ በ1890 (ዓመታቱን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) በሆላንድ አገር፣ በላይደን ከተማ፣ በብሪል ማተሚያ ቤት ታትሞ ወጣ። መሥራቾቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በወጣትነቱ ወደ ቻይና ተልኮ ቋንቋውን የተማረው፣ በባታቪያ በአስተርጓሚነት ካገለገለ በኋላ በላይደን ዩኒቨርሲቲ የቻይንኛ መምህር የሆነው ጉስታፍ ስኽሌኸል ነው። ሁለተኛው አንሪ ኮርዲዬ በሻንጋይ ዓመታትን አሳልፎ በፓሪስ የተቀመጠ ሰው ሲሆን፣ የሚያስደንቀው ነገር የቻይናን ጽሑፍ ማንበብ እምብዛም አለመቻሉ ነው። ሆኖም ስለዚያች አገር በአውሮፓ ቋንቋዎች የተጻፈውን ለቅሞ «ቢብሊዮቴካ ሲኒካ» በተባለው መዝገቡ ስላሰፈረ፣ ማን ምን እንደ ጻፈ አብጠርጥሮ ያውቅ ነበር፤ ለአዘጋጅ ደግሞ ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም።

ስኽሌኸል በ1903 ሲያርፍ፣ የጥንቱን ቻይናዊ ታሪክ ጸሐፊ የሲማ ቺየንን ዜና መዋዕል በከፊል ወደ ፈረንሳይኛ የተረጐመው ኤዱዋር ሻቫን በቦታው ገባ። ሻቫንም በ1918 ዐረፈ፤ ከዚያም የመጽሔቱ ዘመን ሁሉ በስሙ የሚጠራበት ሰው፣ ፖል ፔሊዮ፣ መጣ።

ፔሊዮ በ1908 በዱንኋንግ ዋሻ ውስጥ በሻማ ብርሃን ለሦስት ሳምንታት ተቀምጦ፣ ለዘመናት ተዘግተው የኖሩትን የብራና ያይደሉ የወረቀት ጥቅሎች አንድ በአንድ እየፈታ የመረመረ ሊቅ ነው። ከእነርሱም መርጦ ከዋሻው ጠባቂ መነኵሴ በጥቂት ብር ገዝቶ ወደ ፓሪስ ወሰዳቸው። ቻይናውያን ይህን እንደ ዘረፋ ይቈጥሩታል፤ አልፈርድባቸውም። ይህ ሰው ወንበሩን ከያዘ በኋላ፣ በጉባኤ ቤት ቅኔው እስኪታረም በየኔታ ፊት እንደሚቆም ተማሪ፣ ደራሲ ሁሉ የእርሱን ብዕር ይፈራ ጀመር። ፔሊዮ በትችቱ፣ ደራሲው በአንድ መስመር ጠቅሶ ያለፈውን የአገር ወይም የሹም ስም ይዞ፣ በቻይንኛ፣ በሞንጎልኛ፣ በቱርክኛና በፋርስኛ ምንጮች እያመሳከረ፣ የሚተቸው መጽሐፍ እስኪረሳ ድረስ ሐተታውን ያስረዝመው ነበር። ትሩፋቱ ብዙ ነው፤ ጉዳቱም አልታጣም፤ የሌሎችን ስሕተት ሲያቀና የራሱን መጻሕፍት ሳይጨርስ በ1945 ሞተ፤ ስለ ማርኮ ፖሎ ያዘጋጀው ማብራሪያ እንኳ የታተመው ካረፈ በኋላ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ መጽሔቱን ሆላንዳዊው ደይቨንዳክና ፈረንሳዊው ፖል ደሚዬቪል በአንድነት መሩት፤ ላይደንና ፓሪስም እንደ ጥንቱ ተጋሩት። ነገር ግን በቻይና፣ በጃፓንና በአሜሪካ የሚታተመው መጽሐፍ ስለ በዛ፣ በአንድ መጽሔት መጨረሻ ያሉት ጥቂት ገጾች አልበቁም። ስለዚህ በ1950ዎቹ በፓሪስ ኤትየን ባላዥ ከባልንጀሮቹ ጋር፣ የየዓመቱን ሥራ በአጭር በአጭሩ የሚመዝን ልዩ መጽሔት አቋቋመ፤ በ1994 ደግሞ የሀዋይ ዩኒቨርሲቲ «ቻይና ሪቪው ኢንተርናሽናል» የተባለውን፣ ገጾቹ ለትችት የተሰጡ መጽሔት ማሳተም ጀመረ። በእነዚህ መጽሔቶች ሥርዐት ለየመጽሐፉ በዘርፉ የሠለጠነ ተቺ ይመረጣል፤ ፍርዱ ከፔሊዮ ይልቅ ለዘብ ያለ ነው፤ ከርእሱም የሚወጣው ከስንት አንዴ ነው።