ቅጣት የሚያልቅበት ቀን ይኑረው
(በማኅበራችን ዓመታዊ የመገናኛ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከሐኪም ስለ ደም ግፊት ወይም ስለ ስኳር ሕመም ብትጠብቁ አልፈርድባችሁም። እኔ ግን ስለ ምርጫ ላወራችሁ ነው የተነሣሁት። ዛሬ የተሰበሰብንበት የዋሽንግተን አካባቢ የብዙ ወገኖቻችን መኖሪያ ነው። አንዳንዱ ዲሲ፣ አንዳንዱ ሜሪላንድ፣ ሌላው ቨርጂኒያ ይኖራል። ለሥራ፣ ለቤተ ክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለለቅሶ ፖቶማክን ስንሻገር ድንበር መኖሩም ትዝ አይለንም። በከባድ ወንጀል ተፈርዶበት እስሩን የጨረሰ አሜሪካዊ ዜጋ ግን ቤቱን ከወንዙ ወዲህ ወደ ወዲያ ሲያዛውር የመምረጥ መብቱ ሊለወጥ ይችላል።

እስቲ ሦስቱን ጎን ለጎን እንያቸው፤ ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በዲሲ ከ2020 ጀምሮ እስር ቤት ያለ ሰው እንኳ ይመርጣል። በሜሪላንድ ከ2016 ወዲህ ታሳሪው ከእስር ሲወጣ መብቱ ይመለስለታል፤ ፕሮቤሽን ወይም ፓሮል ላይ ቢሆንም። ድምፅ በመግዛት ወይም በመሸጥ የተፈረደበት ብቻ አይመለስለትም። አገረ ገዥው ያንን ሕግ ውድቅ ቢያደርጉትም ምክር ቤቱ በድጋሚ ድምፅ አጸደቀው፤ 40 ሺሕ ያህል ሰዎችም መብታቸውን አገኙ።

ቨርጂኒያ ሌላ ነው። ሕገ መንግሥቱ በከባድ ወንጀል የተፈረደበትን ሁሉ ድምፅ ይነሣዋል፤ የሚመልስለት አገረ ገዥው ነው። በ2016 ቴሪ መኮሊፍ ከ200 ሺሕ ለሚበልጡ ሰዎች በአንድ ትእዛዝ መለሱ። የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት “በጅምላ አይሆንም” ብሎ ስለሻረው በየስሙ መፈረም ጀመሩ። በ2021 ራልፍ ኖርተም ከእስር መውጣት ይበቃል አሉ። በ2023 ደግሞ በግሌን ያንግኪን ዘመን ነገሩ ተመልሶ እያንዳንዱ አመልክቶ የሚጠብቅበት ሆነ።

ሐኪሞቹ ታውቁታላችሁ፤ ተረኛው በተቀየረ ቁጥር ሕክምናው የሚቀየርበት ዋርድ ምን ይባላል? መድኃኒት ስናዝ እኮ መጠኑን ብቻ ሳይሆን የሚቆምበትን ቀንም እንጽፋለን። ዳኛም ዓመቱን ቆጥሮ ነው የሚፈርደው። ከዚያ በኋላ ሰውየው የሚያገኘው መብት እንጂ የባለሥልጣን ቸርነት መሆን የለበትም። የአገራችን የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግም የመምረጥ መብትን መንፈግን ያውቃል። ነገር ግን ዳኛው የወንጀሉን ዓይነትና ሁኔታ መዝኖ የሚያዝዘው ነው፤ ከማንኛውም ፍርድ ጋር በራሱ ተጎትቶ የሚመጣ አይደለም።

“ሕግ የጣሰ ሕግ አውጪ ይምረጥ እንዴ?” የሚሉ አሉ። ጥያቄውን አልንቀውም፤ ከወንጀሉ ጀርባ የተበደለ ሰው አለና። ዳሩ ግን የበደሉን ልክ ዳኛው ለክቶታል። ሰውየው ከወጣበት ቀን ጀምሮ ሠርቶ ግብር ይከፍላል፤ ልጆቹ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ይማራሉ፤ እሱም ሲታመም በሰፈሩ ክሊኒክ ይታከማል። ለእነዚህ በጀት የሚመድቡትን ሲመርጡ ግን እሱ ዳር ቆሞ ይመለከታል። ያለፈ ክረምት ቤት አይሠራለትም ይባል የለ?

የእኛን ማኅበረሰብ በተለየ የሚጎዳው ግን ዝምታው ይመስለኛል። አንድ ሜሪላንድ የሚኖር ታካሚዬ መብቱ ከተመለሰለት ዓመታት አልፈው ነበር፤ እሱ ግን አያውቅም። ማንን ይጠይቅ? ጥያቄው ራሱ ገበናን መግለጥ ሆነበት። በየምርጫው ቀን ቤተሰቡ ሲወጣ ሰበብ እየፈለገ ይቀር ነበር። ይህን መብት ሕግ አልነሣውም፤ የነሣው እፍረት ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እለምናችኋለሁ። አንደኛ፣ በዕድርም በማኅበርም ስለ ምርጫ ስታወሩ ማንንም ነጥላችሁ ሳትጠይቁ የየግዛቱን ሕግ ለሁሉም ተናገሩ፤ የሚመለከተው ሰው በዝምታ ይሰማችኋል። ሁለተኛ፣ በግምት “ሂድና ምረጥ” አትበሉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያለው ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ምርጫ ድምፅ ቢሰጥ ከአገር እስከ መባረር ሊደርስ ይችላል፤ ዜጋውም ቢሆን መብቱ መመለሱን ከምርጫ ጽሕፈት ቤት ያረጋግጥ። ሦስተኛ፣ በቨርጂኒያ ጉዳዩን ከአገረ ገዥው ፈቃድ አውጥቶ በሕገ መንግሥት የሚያጸናው ማሻሻያ በ2025 የመጀመሪያውን የምክር ቤት ዙር አልፏል። እንዲህ ያለ ማሻሻያ የሚጸናው ዳግመኛ በምክር ቤት፣ በመጨረሻም በሕዝብ ድምፅ ሲያልፍ ነው። በዚያ የምትኖሩና መምረጥ የምትችሉ ሁሉ፣ ያ ድምፅ መምረጥ ለማይችለው ጎረቤታችሁ ጭምር መሆኑን አስቡበት።